ከግድግዳው የወረደው ፎቶ

ዓመቱ በትክክል ትዝ አይለኝም፤ ነገሩ ግን እንዲህ ነው። የአንድ ሩጫ ክለብ ፕሬዚዳንት አቶ ጥላዬ ወላጆችን ቢሯቸው ሰበሰቡና፣ አበረታች መድኃኒት ወስዶ አራት ዓመት የታገደውን የክለቡን የቀድሞ ሯጭ ግዛውን አሰልጣኝ አድርገው አስተዋወቁ።

«ቅጣቱን ጨርሷል። በስምምነት ወረቀቱ ላይ የማይፈርም ወላጅ ልጁን ይዞ ይሂድ!»

ልጇ በክለቡ የምትሮጠው የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ እስክሪብቶውን ተቀብላ ቆመች። ብትፈርም ለልጇ ትፈራለች፤ ባትፈርም የልጅቷ ሩጫ እዚሁ ሊቀር ነው።

«ጌታዬ፣ የታገደ ጊዜ ፎቶውን ከዚህ ግድግዳ አውርጄ መጋዘን እንድከተው ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። ‹ልጆቹ እያዩት ይበላሻሉ› ብለው።»

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይው?»

«ፎቶው እኮ ፊሽካ አይነፋም፣ ክኒንም አያድልም። ለልጆቹ ካሰብን ፎቶውን መልሰን እንስቀለውና ሰውየውን መጋዘን እናስገባው።»

ወላጆቹ በሳቅ ፈነዱ፤ የፈረመም አልተገኘም።

በኋላ አጣርቼ እንዳረጋገጥኩት፣ ልጅቷ ዛሬም በክለቡ ትሮጣለች፤ ግዛው ደግሞ የመጋዘኑ ኃላፊ ሆኗል።