አህያ ኩይሳው ላይ የወጣችበት ቅዳሜ

አንድ ጊዜ፣ መቼ እንደሆነ አትጠይቁኝ፣ የጫካው አውሬ ሁሉ በኳስ ያበደበት ዘመን ነበር። ወንዙ ዳር ባለው ሜዳ በየቅዳሜው ግጥሚያ ይካሄዳል። የሚጫወቱት ጥቂቶች ናቸው፤ የማይጫወቱት ግን ከሚጫወቱት ብሰው ነበር ያበዱት። ፋንታሲ የሚባል ነገር ገብቶባቸዋል። ነገሩ ቀላል ነው። ሜዳ የማይገባው ሁሉ ከሁለቱም ቡድን የወደዳቸውን አስራ አንድ ተጫዋቾች ይመርጥና ከመካከላቸው አንዱን አምበል ይለዋል። የመረጣቸው ጎል ሲያገቡ ነጥቡ ለእሱ ይሆናል፤ አምበል ያለው ካገባ ደግሞ እጥፍ ይቆጠርለታል። ዳኛው ቁራ ግጥሚያውን ለማስጀመር አንዴ ከጮኸ ግን ምርጫ መቀየር የለም። በዕድሜዋ ቸኩላ የማታውቀው ኤሊ እንኳ ቅዳሜ ጠዋት ምርጫዋን ልትቀይር ስትሮጥ ታይታለች።

ንጉሡ አንበሳ ይህን ሁሉ ግርግር አይቶ፣ «ከግጥሚያው በፊት አንድ ፕሮግራም ያስፈልገናል» አለ። «አንዱ ሜዳው ዳር ያለው ኩይሳ ላይ ይውጣና ማን ቢመረጥ እንደሚሻል ለሕዝቡ ይንገር። ድምፁ ከወንዙ ማዶ የሚሰማ ማን አለን?»

በዚህ ጉዳይ መቼም ክርክር የለም። ሁሉም ዞር ብሎ አህያን አየ።

የአህያ ሥራ በየማለዳው ለተጫዋቾቹ ውሃ በቅል ጭና ልምምድ ቦታ ማድረስ ነው። ቅሉን ያወርዱላታል፣ ይጠጣሉ፣ ትመለሳለች። ስለ ኳስ ይቅርና ስለ ውሃው እንኳ አስተያየቷን የጠየቃት አልነበረም። እናም አንበሳ «ፕሮግራሙን አንቺ ታቀርቢያለሽ» ሲላት ደስታው አንገቷ ላይ ታየ፤ ቀጥ አለ። ወዲያው ግን አንበሳ ጨመረበት። «አንድ ቅዳሜ እሰጥሻለሁ። ከተሳካልሽ ኩይሳው ያንቺ ነው። ካልተሳካልሽ ለቀበሮ እሰጠዋለሁ፣ አንቺም ሁለተኛ አትጠይቂኝ።»

ደስታው እስከ ሐሙስ ቆየ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ሣሩ አልወርድ አላት። ወንዝ ዳር ብቻዋን ቆማ ልትለማመድ ብትሞክር፣ «እንደምን አደራችሁ» ካለች በኋላ የሚቀጥለው አልመጣልሽ አላት። «ሁሉም ፊት ልዋረድ ነው» ብላ አሰበች። በእውነት ፈርታ ነበር።

ቀበሮ እንዲህ ያለውን ነገር ከሩቅ ያሸታል። ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣና አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ተጨንቀሻል አሉ፣ እህቴ።»

«ኧረ ምኑን ልንገርህ። እዚያ ላይ ወጥቼ ምን እላለሁ?»

«ለዚህ ነው እንዴ? ንግግሩን እኔ እሰጥሻለሁ፤ አንቺ ጩኸቱን ብቻ ታዋጫለሽ» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንዲህ በይ። የተከበራችሁ የኳስ አፍቃሪያን፣ ባደረግነው ጥልቅና ሁሉን አቀፍ ትንታኔ መሠረት፣ የዛሬው አምበል ያለ አንዳች ጥርጥር ሚዳቋ ናት።»

አህያ ጆሮዋን ቀሰረች። «ሚዳቋ? ረቡዕ ውሃ ሳደርስላት እኮ የኋላ እግሯን አንስታ ነው የጠጣችው። ዛሬም እንደዚያው ናት።»

«አንቺ ውሃ አመላላሽ ነሽ ወይስ ወጌሻ?»

አህያ ጆሮዋን ጣለች። «እሱስ ልክ ነህ። እኔ ምን አውቃለሁ» አለችና ንግግሩን ማጥናት ጀመረች። ሐሙስንና ዓርብን ስትደጋግመው ዋለች።

ቀበሮ የሚዳቋን እግር ከእሷ ቀድሞ አይቶታል። ለራሱ የመረጠው አምበል ከርከሮ ነው። ሕዝቡ በሙሉ ሚዳቋን ይዞ ሲከስር እሱ ብቻውን ነጥቡን ሊለቅም፣ የተናደደው ሕዝብ ደግሞ አህያን ከኩይሳው ሊያወርድለት አስቧል። በአንድ ንግግር ሁለት ጉዳይ ለመጨረስ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ጢም ብሎ ሞላ። አንበሳ «አንድ አፍ ብቻውን ሲያወራ ይሰለቻል» ብሎ ኩይሳው ላይ ከአህያ ጎን አያ ጅቦን አስቀምጦታል። ግጥሚያው እስኪያልቅ ማንም ማንንም እንዳይበላ ታውጇል። እርግጥ አያ ጅቦ አዋጁን ሁለት ጊዜ ነው ያስደገመው። አህያ ግን ከጎኗ ማን እንደተቀመጠ ልብ አላለችም፤ ዓይኗ ከታች ባለው የፊት መዓት ላይ ተተክሏል። እኔ እንግዲህ አህያ ከጅብ ይልቅ ሌላ ነገር ስትፈራ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«የተከበራችሁ» አለች።

ሁሉም ጸጥ አለ። አህያም ጸጥ አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ያጠናችው ንግግር ከጭንቅላቷ ተጠራርጎ ወጥቷል። ጉልበቷ ተብረከረከ። ከኋላ በኩል አንዱ ሳቀ።

አያ ጅቦ ዝምታው ሲረዝም ፕሮግራሙን የሚያድን መሰለውና፣ «የእኔ አምበል አንቺ ነሽ» አላት።

«እኔ አልጫወትም እኮ፣ አያ ጅቦ።»

«አውቃለሁ። ግን ከሁሉም ወፍራም አንቺ ነሽ።»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አህያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ፊት ለፊት የተቀመጠው ቀበሮ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ሚዳቋ በይ፤ ሚዳቋ» እያለ በሹክሹክታ ያስታውሳት ጀመር።

ስሙ ጆሮዋ ገባ። ግን ይዞት የመጣው የቀበሮን ትንታኔ አልነበረም። የመጣላት ያች የተነሳች እግር ናት።

«ሚዳቋ» አለች አህያ። ድምፁ ቀጭን ነበር። «ሚዳቋ አሟታል። ከረቡዕ ጀምሮ ውሃ የምትጠጣው በሦስት እግሯ ቆማ ነው። ግራ የኋላ እግሯን መሬት አታስነካም።»

ሳቁ ቆመ። «በዓይንሽ አይተሻል?» አለች ጥንቸል ከመሃል። ጥንቸል ሚዳቋን አምበል አድርጋ ነበር።

«ሦስት ጠዋት።»

«ከርከሮስ?»

«እሱ ማንም ሳይደርስ ይመጣል። ውሃው ሲደርስ አስር ዙር ሮጦ ነው የማገኘው። ለሌላው አንድ ቅል ይበቃዋል፣ እሱ ሦስት ጨርሶ ተመልሶ ይሮጣል።»

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ዘነበ። ግብ ጠባቂው ዝንጀሮስ? ተከላካዩ ጎሽስ? አህያም ያየችውን አየሁ፣ ያላየችውን «እሱን አላየሁም» እያለች መለሰች። ጉልበቷ ያን ጊዜም ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ድምፁ ግን ወፍሮ ከወንዙ ማዶ ደርሷል። ቁራ ሊጮህ ትንሽ ሲቀረው ሕዝቡ ምርጫውን ለመቀየር ተራወጠ። ምርጫቸውን ያልነኩት ከርከሮን አስቀድሞ የያዘው ቀበሮና እንዴት እንደሚቀየር ያልገባው አያ ጅቦ ብቻ ነበሩ።

ጨዋታው እንደተጀመረ ብዙም ሳይቆይ ሚዳቋ እያነከሰች ወጣች። ከርከሮ ሁለት አገባ። ሜዳው ጨፈረ። ቀበሮ አንደኛ ወጣ፤ አብረውት አርባ ሁለት አውሬዎች አንደኛ ወጥተዋል።

ይህ አንጀቱን አሳረረውና ሕዝቡ ሳይበተን አንበሳ ፊት ቀረበ። «ንጉሥ ሆይ፣ ይህች አቅራቢ አትሆንም። ሁሉም ፊት ቆማ ንግግሯ ጠፋባት።»

«እውነት ነው?» አላት አንበሳ።

«እውነት ነው፣ ጌታዬ። በጣም ፈርቼ ነበር። አሁንም ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።»

አንበሳ ወደ ቀበሮ ዞረ። «ንግግር እንደነበራት አንተ በምን አወቅህ?»

«እኔ ነኝ የሰጠኋት» አለ ቀበሮ ደረቱን ነፍቶ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የነቃው።

«እንግዲያው ሕዝቡ ምን እንደቀረበት ይስማ። ውጣና አንተ በልልን።»

ቀበሮ ኩይሳው ላይ ወጣ። ከታች ሁሉም አንጋጠው ያዩታል። ሕዝቡ ሚዳቋን ምረጡ እንዲባል ማድረጉን ከተናገረ፣ ራሱ ለምን ከርከሮን እንደመረጠ ይጠየቃል። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመ። እግሮቹ ይንቀጠቀጡ ጀመር።

አህያ ያን መንቀጥቀጥ አወቀችው፣ አሳዘናትም። «አይዞህ» አለችው ከታች ሆና፣ ከልቧ። «የምታውቀውን ብቻ ተናገር።»

ቀበሮ መናገር የማይችለው ደግሞ እሱኑ ነበር። ቆሞ ቆሞ፣ በኋላ በኩል ተንሸራቶ ወረደ፤ የጠራውም የለም። ኩይሳውም የአህያ ሆኖ ቀረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ፍርሃት የሚነጥቀን ከሌላው የተዋስነውን ቃል እንጂ በገዛ ዓይናችን አይተን ያወቅነውን እውነት አለመሆኑን ነው።