ጉድጓዱን የደፈነው ሰው

አንድ ተማሪ ባጠፋው ተጸጽቶ ወደ መምህሩ መጣና፣ «የኔታ፣ ሰው ጥፋቱን ካወቀ በኋላ እንዴት ተመልሶ ያንኑ ያጠፋል?» ብሎ ጠየቃቸው። የኔታም እንዲህ አሉት፦

አንድ ሰው ነበረ፤ ቤቱ በባሕር ጠረፍ ላይ ባለች ከተማ ነው። በግቢው የውኃ ጉድጓድ አለው፤ ጎረቤቶቹም በየግቢያቸው አላቸው። ውኃው ጣፋጭ ነበርና ለመጠጥም ለአትክልትም፣ የደጃቸውን አቧራ ለማብረድ ሳይቀር ጠዋት ማታ ይቀዱታል።

ከጊዜ በኋላ ባሕሩ እየሞላ ደጃፋቸው ድረስ ይመጣ ጀመር። የሰፈሩ ሰው መላ መታ። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ አባወራው ሁሉ በበሩ ደፍ ላይ አንድ ረድፍ ድንጋይ ይጨምራል፣ ይደግሳል፣ ባሕሩን ይራገማል። ጎረቤትም «እንኳን ደፍህ ከፍ አለልህ!» ይለዋል። ከላይ ያለው ጉበን ግን እዚያው ነውና በሩ ከዓመት ዓመት አጠረ። ሰውየው የገዛ ቤቱን አጎንብሶ መግባት ያዘ። ይኸም ይለመዳል፤ ለመደው።

አንድ ቀን ሊቀዳ ወጥቶ የጉድጓዱን አፍ ልብ ብሎ አየው። ግንቡ ከታች ከዐለት ላይ የተነሣ ነው፤ ሲሠራ ጉልበቱ ድረስ ነበር፣ አሁን ደረቱ ደርሷል። መቼም ድንጋይ አያድግ! የወረደው መሬቱ ነው። ውኃው ከሥሩ ሲመጠጥ እንደ ባዶ ስልቻ ሟሽሿል። ባሕሩም መውጣቱን ወጥቷል፤ እነሱ ደግሞ ቁልቁል ወርደው ተቀበሉት። ሰውየው ራሱን ይዞ አለቀሰ። ያን ቤት ለአንዲት ሴት ልጁ አወርሳለሁ ብሎ ነበር ዕድሜውን የደከመው።

ወዲያው ጉድጓዱን በድንጋይና በኖራ ደፈነው። ጎረቤቶቹን ጠርቶም አሳያቸው። «እውነትህን ነው» አሉት። ማንም አልተከራከረውም። ማንም አልደፈነም።

በማግስቱ ልጁ «አባባ፣ ጠማኝ» አለችው። ማድጋውን አንሥቶ ወደ ጎረቤቱ ጉድጓድ ሄደ። «እኔ እንኳ የራሴን ደፍኛለሁ» እያለ ቀዳ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እዚያው ቀዳ፤ ከሥር ያለው ውኃ ግን አንድ ነበር። አንድ ማለዳ ባሕሩ ገባና ሳይመለስ ቀረ። ሰውየው ልጁን አዝሎ ወጣ፤ ቤቱ ጣራው ብቻ ይታይ ነበር።

የኔታ ወደ ተማሪው ዞር አሉ።

«ልጄ፣ ያ ሰው ማወቁንስ ዐወቀ፤ አልቅሶበታል እኮ። እኛም እንዲሁ ነን፤ የራሳችንን ደፍነን ከጎረቤት እንቀዳለን፣ ንጹሕ ነንም እንላለን። የወረደ መሬት ደግሞ ስላለቀስንለት ተመልሶ አይነሣም። አንተ ዛሬ ጥፋትህን ዐውቀህ መጥተሃል፤ ደግ አደረግህ። እኔን የሚያስፈራኝ ነገ ሲጠማህ ነው።»