ትልቁ ባትሪና የኋላው ወንበር

ሽመክት የሚባል የእህል ነጋዴ ፊደል ያስቆጠሩትን አዛውንት መምህሩን ሊጠይቅ ሄደ። ከጎናቸው ተቀምጦም እንዲህ አላቸው፤ «የኔታ፣ እኔ ቀን ከሌት የምለፋው ለልጆቼ ብዬ ነው። ታዲያ ልጆቼ እኔ ስገባ ጸጥ የሚሉት፣ ስወጣ የሚስቁት ለምንድን ነው?»

የኔታም እንዲህ ሲሉ ጀመሩ።

«አንድ ሰው ነበረ፤ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ። ሚስቱ ዳሌዋን ታማ እግሯን ካልዘረጋች መቀመጥ አትችልም። አውቶቡስ መሳፈር ከቀረች ቆይታለች። ቆላ ወርዳ የምትኖር ታላቅ እህት አለቻት። እናታቸው ስትሞት ያሳደገቻት ይህችው እህቷ ናት። እሷም አርጅታ ከቤት መውጣት አቁማለች። ሚስትየዋ ዘወትር ‹አንድ ጊዜ ዓይኗን ባየሁት› ትል ነበር።

ሰውየው ሚስቱን ይወዳል። ስለዚህ አንድ አሮጌ መኪና ገዛ። ወደ ቆላው በሚወስደው መንገድ ነዳጅ እንደ ልብ አይገኝምና፣ በቤንዚንም በኤሌክትሪክም እንዲሄድ አድርጎ በገዛ እጁ ሊሠራው ተነሣ። የቀድሞ ሞተሩን እንዳለ ተወው፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ጨመረለት። የኋላው ወንበር ሰፊ ስለሆነ ሚስቱ እግሯን ዘርግታ ትሄድበታለች። ሁሉም አለቀና ባትሪው ብቻ ቀረ።

ከተጋጩ መኪኖች ዕቃ እየፈታ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ሄደ። ሻጩ ሁለት ባትሪ አሳየው። አንዱ ትንሽ ነው፤ ተጠባባቂ ጎማ ከሚቀመጥበት ጉድጓድ ይገባል። ዳገት ላይ ሞተሩን ያግዛል፤ ቤንዚን ቢያልቅ ቀጥሎ ካለው መንደር ያደርሳል። ሌላው ከኤሌክትሪክ ሚኒባስ የወጣ ትልቅ ነው፤ ያለ አንዲት ጠብታ ቤንዚን እህትየዋ ደጅ ድረስ ይወስዳል።

ሚስትየዋ ይህን ስትሰማ ‹ትንሹ ይበቃናል› አለችው። ‹ነዳጅ ቢያልቅብን እስኪገኝ እንጠብቃለን። ምን ያስቸኩለናል?›

‹አንቺን መንገድ ላይ አስቀምጬ ሰው ይታዘበኝ?› አላትና ትልቁን አመጣ።

ትልቁ ባትሪ ግን የትም አልገባ አለው። ከዕቃ መጫኛው ቢያስቀምጠው በሩ አልዘጋ አለ። ከመኪናው ሆድ ሥር ቢያስረው መሬት ነካ። በመጨረሻ ቁልፉን አንሥቶ የኋላውን ወንበር ብሎኖች ፈታ። ወንበሩን አውጥቶ ግድግዳ አስደገፈው፤ ባትሪውንም በቦታው አኖረ። ሚስቱ በራፍ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

‹እኔስ?› አለችው።

‹አንቺን ከፊት አስቀምጬ ትራስ እደርብልሻለሁ› አላት። እሷም ‹እሺ› አለች።

የመንገዱ ቀን ደረሰና ወጡ። አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር፣ ባትሪው ከብዶት ንዝረት የሚያበርደው ሞላው ተጨፍልቆ የተኛበት መኪና እያንዳንዱን ጉድጓድ እሷ ዳሌ ላይ ያራግፈው ጀመር። ጥርሷን ነክሳ ጥቂት ቻለች። ከዚያ በዝግታ ‹መልሰኝ› አለችው። መለሳት።

ባትሪውን ሊቀይረው አሰበ፤ እውነትም አስቦ ነበር። ነገር ግን ያን ያህል ከለፋበት በኋላ፣ እስከየት እንደሚሄድ ሳያይ መፍታቱ አላስችል አለው። ብቻውን ተነሥቶ ሄደ። መኪናው እንደተባለለት ቤንዚን ሳይቀምስ ቆላ ወረደ። የመንደሩ ሰው ከቦ አደነቀው፤ እሱም የኋላ በሩን እየከፈተ ባትሪውን ያሳይ ነበር። እህትየዋ በሰው ተደግፋ ወጣች። በፊተኛው መስኮት ጎንበስ ብላ አየች፤ ዞራ በኋለኛው አየች።

‹እሷስ?› አለችው።

ሰውየው የከፈተውን የኋላ በር ዘጋ።

ወደ ቤቱ ተመልሶ ትልቁን ባትሪ አወረደ። ትንሹን ገዝቶ ከተጠባባቂ ጎማው ጉድጓድ አስገባና ወንበሩን መልሶ አሰረ። በዚያው ክረምቱ ገባ፤ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ቆረጠው። ውሃው ሲጎድል መጀመሪያ የተሻገረው ሰው የእህትየዋን መርዶ ይዞ መጣ።

ሚስትየዋ ለቅሶ ልትደርስ በኋላው ወንበር ላይ እግሯን ዘርግታ ሄደች። ትንሹ ባትሪ ዳገቱን አገዘ፤ ነዳጁም አላለቀባቸውም። እህቷ ደጅ ሲደርሱ ከመኪናው ወርዳ ወደ መጡበት ዞራ ተመለከተች።

‹መንገዱ ለካ ቅርብ ነው› አለች።

ሰውየው ብትሰድበው ይሻለው ነበር።»

የኔታ ይህን ብለው ወደ ሽመክት ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው አንተ ነህ። ለሚስቱ ብሎ መጀመሩ ውሸት አልነበረም፤ አንተም ለልጆቼ ማለትህ ውሸት አይደለም። ነገር ግን ንግድህ እየሰፋ ሲሄድ ቦታ አነሰህና መጀመሪያ ከቤተሰብህ ጋር የምትበላውን ራት አነሣህ። ቀጥሎ እሑድን አነሣህ። የልጆችህ መቀመጫ እሱ ነበር። ለምን ራቁኝ ትለኛለህ፤ አጠገብህ የት ይቀመጡልህ? ሁለቱ ትልልቆቹ ያለ አንተ መኖርን ለምደዋል፤ እነሱን መመለስህን እንጃ። ትንሿ ግን አሁንም በር በሩን ታያለች።»

«እንዲያውም ለእሷ ብዬ ነው ሁለተኛውን መጋዘን...» ብሎ ጀመረ ሽመክት።

የተናገረው ለራሱ ጆሮ ተሰማውና አቋረጠው። የኔታም ጨርስ አላሉትም።