ሞቅ ያለ ጭብጨባ

አንድ መምህር ክፍል ውስጥ ተንበርክኮ፣ ዴስክ ስር የገባች ልጅን «ነይ ውጪ የኔ ቆንጆ፣ ነይ» እያለ ይለምናል። ብርቄ ትባላለች። ጆሮዋን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ዘግታ ትንቀጠቀጣለች። ክፍሉ ሙሉ ተማሪ አንገቱን አስግጎ ያያል።

ማን ነካት? ማንም። ጥፋቷ መልስ ማግኘቷ ነው።

የመምህር ደምሰው ክፍል ደንብ አለው፤ መልስ ላገኘ ልጅ ይጨበጨብለታል። ያውም እንደ ነገሩ አይደለም፣ የቆርቆሮው ጣሪያ እስኪያስተጋባ ነው። ብርቄ ግን ዓመቱን ሙሉ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። ደወል ሲደወል ጆሮዋን ትይዛለች፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ሲያነቡም ትይዛለች። መምህሩ ንቀት እየመሰለው እጇን ያላቅቃል። «አዳምጪ እንጂ!» ልጆቹማ «ድፍን ቅል» ብለው ስም አውጥተውላታል።

የዚያን ቀን መምህሩ ሰሌዳ ላይ ስሌት ጽፎ «ይህን ሳትሠሩ እረፍት የለም» አለ። ብርቄ እረፍት ትወዳለች፤ ክፍሉ ባዶ የሚሆነው ያኔ ብቻ ነዋ። ተነሳች፣ ጠመኔውን አነሳች፣ ሁሉም ያቃታቸውን ስሌት ሠርታ ቁጭ አደረገችው።

መምህሩ በደስታ የሚሆነውን አጣ። «አጨብጭቡላት! ሞቅ አድርጉት!»

አደረጉት። ጆሮዋን ስትይዝ ያፈረች መሰለው።

«ድገሙላት!»

ደገሙላት። ዴስክ ስር የገባችው ያኔ ነው።

እናቷ ተጠርታ መጣች። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችም። ነጠላዋን አውልቃ የልጇን ጭንቅላት ጠቀለለችና ጥብቅ አድርጋ አቀፈቻት። ቀስ በቀስ መንቀጥቀጡ ተዋት።

«ዝናብ ጣሪያውን ሲመታው እንዲህ ነው የማደርጋት» አለች።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ፣ መምህር?»

በማግስቱ መምህሩ ልጆቹን ያለ ድምፅ ማድነቅ አስተማራቸው፤ እጅን ወደ ላይ አንስቶ ጣት ማወዛወዝ። የብርቄን ቦታ ደወሉ ካለበት መስኮት አርቆ ጥግ ላይ አደረገው። ሁሉም ተሰናዳ፣ ብርቄ ብቻ አልመጣችም። ቤቷ ድረስ ሄዶ ቢለምን እናቷ «የትምህርት ቤቱን በር ስታይ ታለቅሳለች፤ ይተዉን በቃ» አለችው።

ወዳጄ፣ ደግ ያሰብንበት ነገርም ሳንጠይቅ ስናደርገው ልጅ ይሰብራል። ጆሮውን የያዘ ልጅ ስታይ ከመቆጣትህ በፊት ምን እየሰማ እንደሆነ ጠይቀው። አንተስ ስንቱን «ድፍን ቅል» ብለህ አልፈሃል?

መምህሩ አንገቱን ደፍቶ ሊሄድ ሲል፣ ብርቄ ከእናቷ ጀርባ ብቅ አለች።

«ቲቸር፣ መልሱን እኮ ሁሌም አውቀው ነበር። እንዳያስጨበጭቡብኝ ብዬ ነው ዝም የምለው።»