ሰማንያ አራተኛዋ የግርጌ ማስታወሻ

አንዲት ልጅ ነበረች። ሕግ ተምራ ከክፍሏ አንደኛ የወጣች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ ልጅ። ቁጭ በይ እንጂ ሶስና! ጥያቄሽን ሰምቼዋለሁ፤ መልሱ ግን በር ላይ ቆመው የሚሰሙት አይደለም። «መምህር፣ ባሕር ተሻግሬ ስድስት ወር ሙሉ የሌላ ሰው ጽሑፍ ግርጌ ስለቅም ልኑር? ስሜ እንኳ የትም አይወጣም። እዚሁ ጥብቅናዬን ብጀምር አይሻልም ወይ?» አይደል ያልሽኝ? እሺ፣ እንግዲህ ስሚ።

ለዚህች ልጅም እንዳንቺው አንድ ቀን ደብዳቤ መጣላት። አውሮፓ ውስጥ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ዓለም አቀፍና የአውሮፓ የወንጀል ሕግ በሚጠናበት ክፍል፣ ለስድስት ወር የምርምር ልምምድ ተቀብሎሻል ይላል። እናቷ እልል አለች። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ሳማት። እሷም ከአውሮፕላን ስትወርድ በማግስቱ ከዳኞች ፊት ቆማ የምትከራከር ነበር የሚመስላት።

የጠበቃት ግን አንድ ወንበርና የወረቀት ክምር ነው። ገና በመጀመሪያው ቀን መዝጋቢዋ ሴትዮ «ወይዘሪት ገረመው!» ብላ ስትጣራ፣ ልጅቱ ዞር ብላ በሩን አየች። አባቷ ከኋላዋ የመጡ መሰላት። ወይ ጉድ! ወይዘሪት ገረመው ማለት ለካ እሷው ናት። እዚያ አገር ሰው የሚጠራው በመጨረሻ ስሙ ነው፤ የመጨረሻው ስም ደግሞ ከአያት ከቅድመ አያት የሚወርድ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጋራው ስም ነው። አባቷ አቶ ገረመው በዚያ ሰዓት ደብረ ማርቆስ፣ የልብስ ስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ሱሪ ያሳጥራሉ። ሳቀች። እየቆየ ግን ሳቁም ተወ፤ ጠዋት ማታ ወይዘሪት ገረመው፣ ወይዘሪት ገረመው።

የክፍሉ ኃላፊ በሕግ መጻሕፍት ሁሉ ስሙ የሚጠቀስ ፕሮፌሰር ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፣ ጨዋ ነው። ለተለማማጅ የሚሰጠው ሥራ ግን አንድ ብቻ ነው፦ የግርጌ ማስታወሻ ማጣራት። ጽሑፉ አንድ ነገር ባለ ቁጥር፣ ከየት እንዳገኘው የምትናገር ትንሽ መስመር ከገጹ ግርጌ አለች አይደል? ያቺ መስመር እውነቷን መሆኑን ምንጩን ገልጦ ማየት ነው። ደንቡም ጥብቅ ነው። ተለማማጅ ዋናውን ወረቀት በገዛ ዓይኑ ሳያይ ምልክት አያደርግም። እከሌ ጠቅሶታል፣ እከሌ ብሎታል፣ የሚባል ነገር የለም።

ሁለት ወር ሙሉ ቀንና የገጽ ቁጥር ለቀመች። ሆድ ባሳት። «ለዚህ ነው እንዴ አንደኛ የወጣሁት?» ትላለች ለብቻዋ። ይኸው፣ ያንቺኑ ቃል በቃል ነው የምትለው።

በሦስተኛው ወር አንድ ፍርድ ቤት ከክፍሉ አስተያየት ጠየቀ። ነገሩ እንዲህ ነው። በረሃ ላይ ስደተኞችን መጋዘን ውስጥ አግቶ ሲያሰቃይ ኖሯል የተባለ ሰው አውሮፓ ውስጥ ተይዞ ተከሷል። ከእጁ ያመለጡ አሥራ አንድ ያገራችን ሰዎች በአራት አገር ተበትነው ይኖራሉ፤ እያንዳንዳቸውም ለሚኖሩበት አገር ፖሊስ ቃላቸውን ሰጥተዋል። ከእነሱ ቃል ሌላ ማስረጃ የለም ማለት ይቻላል፤ መጋዘኑም ፈርሷል። ስለዚህ ክርክሩ ሁሉ አንድ ነገር ላይ ወደቀ፦ እነዚህ ሰዎች ተማክረው ነው የተናገሩት ወይስ ሳይማከሩ? የማይተዋወቁ ሰዎች በየፊናቸው አንድ ነገር ከተናገሩ ቃላቸው ይከብዳል። የአንድ ቤት ሰዎች ከሆኑ ግን ዳኛ መጠርጠሩ አይቀርም።

የተከሳሹ ጠበቃ ብልጥ ሰው ነው። የምስክሮቹን ዝርዝር አነሳና «አራቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው» አለ። ሰዒድ አህመድ፣ ከድር አህመድ፣ ፋጡማ አህመድ፣ ነጂብ አህመድ። የሁሉም መጨረሻ አህመድ! ፕሮፌሰሩም ዝርዝሩን ሲያየው እውነት መሰለው። በረቂቁ ላይ «አራቱ እንደ አንድ ድምፅ ይቆጠሩ» ብሎ ጻፈ። አሥራ አንዱ ምስክር በአንድ ጊዜ ስምንት ሆነ ማለት ነው። በዚህ ከቀጠለ ክሱ ሊፈርስ፣ ሰውዬውም እጁን ኪሱ ከቶ ሊወጣ ነው።

ረቂቁ ለልጅቱ ደረሳት። ሰማንያ አራተኛዋ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ስትደርስ የአራቱን ስም አየችና እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። እስቲ አንቺው ፍረጂ፣ መርካቶ መሐል ቆመሽ «የአህመድ ልጅ!» ብለሽ ብትጣሪ ስንቱ ነው የሚዞረው? ሮጣ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ልትገባ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ደንቡ ትዝ አላት። ዋናውን ወረቀት አላየችም። ተመልሳ ተቀመጠች። በዚህች በመመለሷ ነው እኔ የምኮራባት።

አራቱን የምስክርነት ቃል አወጣች። መቼም ያገራችን ሰው ሙሉ ስምህን ሲሉት እስከ አያቱ ነው የሚነግራቸው። ሰዒድ አህመድ ይማም፣ ከወሎ። ከድር አህመድ አባፊጣ፣ ከጅማ። ፋጡማ አህመድ ሁመድ፣ ከአፋር። ነጂብ አህመድ ዩሱፍ፣ ከሐረር። አራት አያት፣ አራት አገር። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

እዚያ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ነገር ግን የአራቱን ስም በዚህ መንገድ ካነበበች የአሥራ አንዱንም እንዲሁ ማንበብ አለባት። አነበበች። ከቀሩት ሰባቱ መካከል ጀማል ኑሩ የሚባል ሰው አለ፤ ሐያት ጀማል የምትባል ልጅ አለች። የሚኖሩት በተለያየ አገር ነው። የመጨረሻ ስማቸው ስለማይገናኝ ፕሮፌሰሩ «ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሁለት ምስክሮች» ብሎ የክሱ ምሰሶ አድርጓቸዋል። እሷ ግን የልጅቱን ሙሉ ስም ስታይ ሐያት ጀማል ኑሩ ይላል። የትውልድ ቦታቸውም አንድ ከተማ። ሐያት «ከአባቴ ጋር ነበርኩ፣ ለይተው ወሰዱት» ብላለች። ሰውዬውም «ልጄ እዚያው ቀርታለች» ብሏል። የልጅህ ስም ማን ነው፣ የአባትሽ ስም ማን ነው ብሎ የጠየቀ ፖሊስ የለም። የኛዋ ልጅ ራሷን ያዘች። ያው አንድ ደንብ አራቱን ሊያድን፣ ሁለቱን ሊጥል መጣ።

በዚያው ክፍል ቀደም ብሎ የሄደ አንድ ያገሯ ሰው ነበረ፤ የዶክትሬት ተማሪ ነው። ጨነቃትና አማከረችው።

«ስሚኝ እህቴ» አላት፣ «የአህመዶቹን ንገሪው። ይሄኛውን ዋጥ አድርጊው። እነዚህ ሰዎች መቶ ዓመት ቢያዩት አይገባቸውም።»

«እውነት ነው እኮ ግን።»

«እውነትማ ነው! አንቺን ማን የዚያ ሽፍታ ጠበቃ አደረገሽ? ያቺ ልጅ መጋዘን ውስጥ ያየችውን አንብበሻል አይደል? በገዛ እጅሽ ልትጥያት ነው?»

ሰውየው ይህን ያለው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ያገሩ ሰው አንጀቱን በልቶት ነው። ሌላም ፍርሃት ነበራት። ያንን የሚያህል ፕሮፌሰር ሄዳ ተሳስተሃል ልትለው ነው፤ ለቀጣይ ትምህርቷ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍላትም እሱ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ የአባትና የልጁን ቃል እየደጋገመች አነበበች።

በሦስተኛው ቀን አንድ ገጽ ጻፈች። ከላይ የአራቱን፣ ከታች የሁለቱን፣ ከነምንጫቸው። ይዛ ገባች። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አድርጎ አንዴ አነበበው፤ አውልቆ ጠረገና ደግሞ አነበበው።

«ሁለተኛውን ለምን ጻፍሽው?» አላት።

«የመጀመሪያውን ያሳየኝ የስም አነባበብ እሱንም አሳየኝ። አንዱን አንስቼ ሌላውን ብደብቅ የመጀመሪያው በምን ይታመናል?»

«የላይኛውን ብቻ ይዘሽ ብትመጪ ኖሮ ለአገርሽ ሰዎች የምትሟገቺ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን አምኜሻለሁ። ተሳስቼ ነበር።» ወረቀቱን አስቀመጠና፣ «ይቅርታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ገረመው ማን ነው?»

«አባቴ ናቸው።»

«ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ በአባትሽ ስም ነው ስጠራሽ የኖርኩት? ያንቺ ስም ማን ነው?»

«ስንዱ።»

«ስንዱ» አለ፣ እየተኮላተፈ። «ተቀመጪ ስንዱ። አብረን እንጽፈዋለን።»

ሰማንያ አራተኛዋ የግርጌ ማስታወሻ ሁለት መስመር ነበረች፤ ሙሉ ገጽ ሆነች። አራቱ አህመዶች እንደማይዛመዱ፣ ጀማልና ሐያት ግን አባትና ልጅ እንደሚመስሉ፣ ፍርድ ቤቱም መቼ እንደተያዩ እንዲያጣራ የምትጠይቅ ገጽ። አስተያየቱ ተላከ።

በችሎቱ ቀን ስንዱ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የተከሳሹ ጠበቃ ተነሳ። ለካ እሱም ከርሞ ደርሶበታል! አንድ ወረቀት ከፍ አድርጎ፣ «ክቡራን ዳኞች፣ የማይተዋወቁ የተባሉት ሁለቱ ዋና ምስክሮች አባትና ልጅ ናቸው። አስተያየቱ ይህን ደብቋል። አንዱን የደበቀ ሌላውንም ይደብቃል፤ ሙሉ በሙሉ ይጣልልኝ» አለ። ዋጥ አድርጋው ቢሆን ኖሮ፣ አየሽ ሶስና፣ አባትና ልጁ ብቻ አይደሉም፣ አራቱም አህመዶች በዚያች ደቂቃ አብረው ወደቁ ማለት ነበር።

የመሐል ዳኛዋ አስተያየቱን ገለጠች። «ጠበቃ፣ ሰማንያ አራተኛዋን የግርጌ ማስታወሻ አላነበቧትም እንዴ?» አለችው። «እዚህ ተጽፏል። እኛም አጣራን። ሰውየውና ልጅቱ መጋዘኑ ውስጥ ከተለያዩበት ቀን ጀምሮ አልተያዩም። የእኛ ሰዎች ሄደው እስኪነግሯቸው ድረስ አባትየው ልጁ ሞታለች ብሎ፣ ልጅቱም አባቷ ሞቷል ብላ ነው የኖሩት። ሞቷል ከሚሉት ሰው ጋር እንዴት አድርገው ይመካከራሉ?»

ጠበቃው ተቀመጠ። ዳኛዋ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ጠራች። ሰዒድ፣ የአህመድ ልጅ፣ የይማም የልጅ ልጅ። ከድር፣ የአህመድ ልጅ፣ የአባፊጣ የልጅ ልጅ። እንዲህ እያለች እስከ አሥራ አንደኛው ዘለቀች። ሰውዬው ተፈረደበት። ጀማልና ሐያት ደግሞ አንድ ባቡር ጣቢያ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያያቸው፣ ተቃቅፈው አለቀሱ። ስንዱ ይህን ስትሰማ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ እሪ አለች። በደስታ ነው! እንዲያ ያለ ኩራት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ተሰምቶኝ አያውቅም ትላለች።

እንግዲህ ሶስና፣ ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ፤ ያ የወረቀት ክምርም አንቺን የሚጠብቅሽ ክምር ነው። ስሜ የትም አይወጣም አልሽኝ። የስንዱም አልወጣም። የአስተያየቱ ሽፋን ላይ ያለው የፕሮፌሰሩ ስም ነው፤ ብትፈልጊ አምጥቼ አሳይሻለሁ። የአሥራ አንድ ሰው ስም ግን በየባለቤቱ ላይ ተመለሰ። የገጹ ግርጌ ዝቅተኛ ቦታ መስሎሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ ላይ የተጻፈው ሁሉ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው። አንቺም እዚያ ስትቀመጪ ያየሽውን ሁሉ ጻፊ፤ የሚጠቅምሽንም የሚጎዳሽንም። አንቺን የምንልክሽ ለዚያ ነው።

በመጀመሪያው ቀን በአባትሽ ስም ሲጠሩሽ ዞር ብለሽ በሩን እንዳታዪ፤ አቤት በይ። በራስሽ ስም የሚጠሩሽ ሥራሽን ያዩ ዕለት ነው። ስንዱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ በዚሁ ክፍል፣ አንቺ በተቀመጥሽበት ወንበር ላይ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ እሷን ሳወራ ይኸው ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሰዎቹም ሰለቻቸው። በይ ሂጂና ሻንጣሽን አዘጋጂ፤ እንደ ስንዱ የማወራት ሁለተኛ ልጅ ሁኚልኝ።