የአቶ ፈንቴ ቦታ

በአንድ ወቅት፣ የሰው ልጅ በቀዩ ኮከብ ላይ መኖር ከጀመረ ብዙ ትውልድ ካለፈ በኋላ፣ ከትልቅ ተራራ ሥር የተቆፈረ አንድ ከተማ ነበር። ከደጁ ውጭ የሚተነፈስ አየር የለም። ሰዎቹ በሕይወት የሚኖሩት አንድ አሮጌ መኪና ከበረዶ እየለየ በሚያወጣላቸው አየር ነበርና መኪናውን «ሳንባው» ይሉታል። ሳንባው የሚችለው ነፍስ ልክ ነበረው። ከልኩ በላይ አንድ ሰው ቢጨመር ሁሉም ቀስ በቀስ ይታፈናል።

ስለዚህ ሕጋቸው አጭር ነበር፦ ሟች ሳይወጣ ተወላጅ አይገባም። ልጅ የሚፈልግ ወረፋ ይይዛል፤ ሰው ሲሞት ቦታው ለባለ ወረፋ ይሰጣል። ከሟቹ ቤት እርጉዝ ካለችና ለቅሶው ሳይነሳ ከጠየቀች ግን ቅድሚያው የእሷ ነው። ያለ ቦታ ልጅ የተወለደበት ቤት ደግሞ ከመሃሉ አንድ ሰው መርጦ ወደ ውጭ ይሸኛል።

በዚያ ከተማ አቶ ፈንቴ የሚባሉ በረዶ ቆራጭ ነበሩ። ሚስታቸው ቀድመዋቸው ስላረፉ ሦስት ልጆቻቸውን ያሳደጉት ብቻቸውን ነው። የበኩር ልጃቸው ቢረሳው የከተማው ሬዲዮ ጠባቂ ነበር፤ የነገሩትን እንደ ጉድጓድ ውጦ የሚያስቀር ዝምተኛ። መካከለኛዋ የሻረግ እንደ አባቷ ከሜዳው በረዶ ታመጣለች፤ አንዴ የያዘችውን የማትለቅ ሴት ነበረች። የትንሿ የልጅዓለም ባል ዋሻ ተደርምሶበት ሞተ። እሷ ማርገዟን ያወቀችው ለቅሶው ተነስቶ፣ የባሏም ቦታ ለሌላ ቤት ልጅ ከተሰጠ በኋላ ነው። ሆዷን በሰፊ ቀሚስ ሸፍና ለአባቷ ብቻ ነገረች፤ ለማንም እንዳይተነፍሱም አስማለቻቸው።

አንድ ቀን አቶ ፈንቴ በረዶ ልቁረጥ ብለው ወጡ፤ በዚያው ቀሩ። ወዲያው ሰማይና ምድሩን የሚያደበላልቅ አውሎ ነፋስ ተነሳ፤ ቀናትም አልፈው አልበረደም።

የሻረግ ተሽከርካሪዋን አስነስታ ልትወጣ ስትል የሸንጎው ሰብሳቢ ወይዘሮ አልጣሽ ነፋሱ እስኪበርድ ታገሺ አሏት። የሻረግም አባቴን አሸዋ ሲበላቸው ቆሜ አላይም ብላ የውጭ ልብሷን ለበሰች። አሳቧ ወደ ሰሜን፣ ወደ በረዶው ሜዳ መሄድ ነበር። አውሎው እጅግ የከፋው በዚያ በኩል ነው።

የከተማው መዝጊያ ሊከፈት ሲል ቢረሳው መጥቶ የተሽከርካሪውን በር ያዘ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ወደ ሰሜን አትሂጂ» አላት። «አባባ እዚያ አይደሉም። በደቡብ ገደል፣ የጥንቶቹ መርከብ ስብርባሪ ውስጥ ናቸው።»

«አንተ በምን አወቅህ?»

 ቢረሳውን አባቱ ከመውጣታቸው በፊት ለብቻው ጠርተው የሚሄዱበትን ነግረውት ነበር፤ ምክንያቱን ግን አልነገሩትም። ማንም ቢፈልጋቸው ወደ ሰሜን እንዲልክ በእናቱ አጥንት አስምለውታል። ቃሉን ጠብቆ ቀናትን በዝምታ አሳልፏል። እህቱ ወደ ሞት ስትነዳ ሲያይ ግን መሐላውን በላ።

የሻረግ ወደ ደቡብ ነዳች። ከፊቷ ቀይ ጭጋግ እንጂ ሌላ አይታይም። አሸዋው መስታወቱን እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። ገደሉ አፍ ላይ ስትደርስ ተሽከርካሪው እስከ ወገቡ በአሸዋ ሰመጠ። ጥላው ወረደች፤ የገደሉን ግድግዳ በእጇ እየዳሰሰች፣ ነፋሱ ሲገፋት እየተንበረከከች፣ ሲያርፍ እየተነሳች ሄደች። ካሰበችው በላይ ረጅም መንገድ ነበር።

መርከቧ ከተሰበረች ዘመን ቢቆጠርም አንዲት ክፍሏ ጥቂት አየር ይዛ ቀርታለች። አቶ ፈንቴ እዚያ ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው። የልብሳቸውን የአየር ጠርሙስ ሆን ብለው ከፍተው አፍስሰውታል። ልጃቸውን ሲያዩ ደስታ በፊታቸው አልታየም።

«ማን ላከሽ?»

«ማንም። ልወስድዎ ነው የመጣሁት።»

«አልጠፋሁም እኮ፣ ልጄ። ሄጄ ነው። አንቺ ተመለሺ።»

ለምን ብላ ጠየቀቻቸው። ለልጅዓለም የማሉት መሐላ ነበረባቸውና አልተናገሩም። ለመኗት፤ ተቆጧት፤ በመጨረሻም አንስታ ብትወስዳቸው እንደሚረግሟት ነገሯት። የሻረግ ያየችው አየር ያጠረው አእምሮ ሲዘባርቅ ነው፤ እርግማኑንም እንደ ሕመም ቆጠረችው። እሳቸው ደክመዋል፣ እሷ ጉልበት አላት። የራስ ቁራቸውን በግድ አጥልቃ የአየር ቧንቧቸውን ከራሷ ጠርሙስ ጋር አያይዛ ደግፋቸው ወጣች። መንገድ ላይ ቧንቧውን ሊነቅሉት ታገሉ። ያን ጊዜ ገመድ አውጥታ የአባቷን እጆች እንደ ሌባ የፊጥኝ አሰረች። እያሰረች አለቀሰች፤ ግን አሰረች።

ተሽከርካሪውን ከአሸዋው ስትቆፍር አንድ ስለት ድንጋይ የግራ ጓንቷን ቀደደው። ብርዱ በዚያች ቀዳዳ ገባ። ቆፍራ ስትጨርስ ጣቶቿ የእሷ አልነበሩም።

በከተማው ግን የሻረግ የማታውቀው ሌላ ነገር ይሆን ነበር፤ ይህን የሰማችው ከተመለሰች በኋላ ነው። ሸንጎው አቶ ፈንቴ ሞተዋል ብሎ ለቅሶ አስቀምጧል። የልጅዓለም ምጥ በድንጋጤ ያለ ጊዜው መጣባት። ለቅሶው ሊነሳ ተቃርቧል፤ ከተነሳ የአባቷ ቦታ ለባለ ወረፋ ይሄዳል፣ ልጇም ያለ ቦታ ትወለዳለች። ምጡ ፋታ ሲሰጣት በሁለት ሴቶች ተደግፋ ሸንጎው ፊት ቆመች።

«አባቴ ሞተዋል» አለች። «ቦታቸው ለልጄ ይሁን።»

አባት በደጅ ሳለ፣ እህት ፍለጋ ሄዳ ሳለ፣ ይህን በአፏ ማለቷ ብዙዎችን አስቀየመ። ወይዘሮ አልጣሽ ቢረሳውን ምን ታስባለህ ብለው ጠየቁት። ቢረሳው የአባቱ አየር እስከ መቼ እንደሚበቃ አስልቶ ነበር፤ አባቱ ለምን እንደወጡም ያን ጊዜ ገባው። «ሞተዋል» ብሎ መሰከረ። ሕፃኗ ተወለደች፤ የአቶ ፈንቴም ቦታ ተሰጣት።

አውሎው ሲያባራ መዝጊያው ተከፈተ። የሻረግ አባቷን በቀኝ እጇ ደግፋ፣ የግራዋን በደረቷ አቅፋ ወደ ቤት ስትገባ ለቀስተኛው ገና አልተበተነም። አልቃሿ ስንኙን ከአፏ ላይ አቋረጠች። ሰው ሁሉ ተነስቶ ቆመ እንጂ እልል ያለ አልነበረም።  ከጓዳ የሕፃን ልቅሶ ስትሰማ ወደ ወንድሟ ዞረች፤ ቢረሳው አቀረቀረ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት፤ ደጃፉም ላይ ተቀመጠች።

ከጣቶቿ ሦስቱ ተቆረጡ። ስትድን አባቷ አልጋዋ ድረስ መጡ።

«አንድ ጊዜ ሞቼ ጨርሼ ነበር» አሏት። «ሁለተኛ ሞት ያመጣሽብኝ አንቺ ነሽ።» ከዚያ በኋላ አላናገሯትም።

ሳንባው ማቃሰት ጀመረ። ትንንሽ ልጆች ራሳቸውን እያመማቸው ይነቁ ጀመር። ወይዘሮ አልጣሽ ቤተሰቡን ሸንጎ ፊት አቁመው፣ ሕፃኗ ቦታዋን በሕግ ስለያዘች በእሷ ላይ ፍርድ እንደሌለ፣ ከአራቱ አዋቂዎች ግን አንዱ መውጣት እንዳለበት ነገሯቸው። ማን እንደሚሆን ራሳቸው ይምረጡ።

ሰው ሁሉ አቶ ፈንቴን ተመለከተ። ከዚህ ቀደም ወደው ወጥተዋልና አሁንም እኔ ልሂድ ይላሉ ብሎ ነው። አቶ ፈንቴ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ቆመው ነበር።

«ያን ጊዜ ድፍረቱ ነበረኝ» አሉ። «ያን ጊዜ ይህችን አላየኋትም። አሁን መሞት ፈርቻለሁ። አልዋሻችሁም።»

ቢረሳው ተናገረ። መሐላውን ባይበላ ኖሮ አባቱ በክብር ይሞቱ፣ ልጅቷ በሰላም ታድግ ነበር፣ ቤቱም አይፈርስም ነበር አለ። ነገር ግን ዝም ቢል ኖሮ የሻረግ በሰሜን ሜዳ ትቀር እንደነበረም አነሳ፤ እህቱን በማዳኑ ይቀጣ እንደሆነ ሸንጎውን ጠየቀ።

ልጅዓለም ተናገረች። ያረገዘችው ከባሏ ነው፤ አልሰረቀችም። የአባቷን ሞት የተናገረችውም ቦታቸውን ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይወስደው ነው። አንድ ሰው ይውጣ ስለተባለ አንገቷን እንደማትሰጥ፣ ጡት የምትጠባ ልጅ እንዳላት፣ እናት ያልሆነ ሰው ይህን እንደማይፈርደው ተናገረች። ስትናገር የሻረግን አላየቻትም።

የሻረግም ተናገረች። የጎደለ እጇን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አባቴ ጠፉ አላችሁኝ፤ ፈለግኋቸው። አገኘኋቸው፤ አመጣኋቸው» አለች። «ሁላችሁም የምታውቁትን ለእኔ የነገረኝ ሰው አልነበረም።»

 ሳንባው ከግድግዳው ጀርባ ያቃስት ነበር። ወይዘሮ አልጣሽም መልሳቸውን ይጠብቁ ነበር።

እንግዲህ እኔ እስከዚህ አደረስኳችሁ፤ ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ የእናንተ ነው። ከአራቱ ማን ይውጣ? ለልጅ ልጃቸው ሲሉ ሞተው፣ ባዩዋት ጊዜ ሞትን የፈሩት አባት? እህቱን ሊያድን መሐላውን በልቶ፣ አባቱን በሕይወት ሳሉ ሞተዋል ያለው ወንድም? ለልጇ ስትል አባቷን በአፏ የቀበረችው እናት? ወይስ አልመለስም ያሉ አባቷን እጃቸውን አስራ ወደ ቤታቸው ያመጣችው የሻረግ?