ለቅሶ ደራሹ ቀበሮ

ልጆች ቀረብ በሉ፤ ትልልቆቹም ብትሰሙ አይጎዳችሁም። ድሮ፣ ስሙን የነገረኝ በሌለ አንድ አገር፣ እመት ደብሪቱ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያላቸው ስድስት ዶሮና መከታ የሚባል ውሻ ብቻ ነበር። መከታ ቀን ዶሮዎቹን ይጠብቃል፤ ሲመሻሽ እግራቸው ሥር ተጋድሞ ወሬያቸውን ይሰማል።

አንድ ቀን መከታ አርጅቶ ሞተ። እመት ደብሪቱ ቀበሩትና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደጃቸውን ከፍተው ለቅሶ ተቀመጡ። ማን ይምጣ? አገሩ «ለውሻ ለቅሶ አይደረስም» ብሎ ሳቀ። ጎረቤታቸው ታንጉት እንኳ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ኧረ ሰው እንዳይስቅብዎ! ሌላ ቡችላ ያምጡ» ብላ ወደ ጉዳይዋ ሄደች። ቤቱ ጭር አለ። አሮጊቷ የሰው ድምፅ ናፈቃቸው።

በሰልስቱ አያ ቀበሮ መጣ። ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ብሎ አንገቱን ደፋና፣

«እግዜር ያጽናዎት፣ እመት ደብሪቱ! ለመሆኑ መከታ ምን ዓይነት ውሻ ነበር?» አለ።

እሳቸውም ነገሩት። ቡችላ ሳለ ቅቤ ልሶ በማማሰያ እንደተመታ፣ መብረቅ ሲጮህ አልጋ ሥር እንደሚገባ፣ እሳቸው ሲያነጥሱ ቀና ብሎ እንደሚያያቸው ነገሩት። እንባቸው ሲመጣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ቀና ሲሉ ቀበሮም የለ፣ ከዶሮዎቹም አንዷ የለች።

በማግስቱም መጣ። «እግዜር ያጽናዎት፣ እመት ደብሪቱ! ለመሆኑ መከታ ምን ዓይነት ውሻ ነበር?» ነገሩት፣ አለቀሱ፣ ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ሌላ ዶሮ ሄደች። ደግሞ በማግስቱ፣ ደግሞ በማግስቱ፣ ደግሞ በማግስቱ። ቀበሮ ሆዬ «እንዲህ ያለች ሞኝ አሮጊት የት ትገኛለች!» እያለ ወፈረ።

ታንጉት የተበተነውን ላባ አይታ ነገሩ ገባት። ቀበሮ መምጣት በጀመረ በስድስተኛው ቀን ዱላ ይዛ አጥሩ ጥግ አደፈጠች። ቀበሮ መጣ፤ ያንኑ አለ። እመት ደብሪቱ ግን ዛሬ ፊታቸውን አልሸፈኑም።

«አያ ቀበሮ፣ አንድ ዶሮ ብቻ ቀርታለች» አሉት።

ቀበሮ ክው አለ። «ያውቁ ኖሯል?»

«ከመጀመሪያዋ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን መከታን በስሙ ጠርቶ የጠየቀኝ አንተ ብቻ ነህ። እባክህ፣ ይህችን ዛሬ አትውሰዳት። እሷ ካለቀች ነገ ማን ይመጣልኛል?»

ይሄኔ ታንጉት ዘላ ገብታ የቀበሮን ጀርባ በዱላ ብታቀምሰው፣ ጭራውን ወሽቆ ዱር ገባ።

«እንግዳዬን ለምን አባረርሽብኝ!» ብለው ጮኹ እመት ደብሪቱ።

ታንጉትን ከሌባ ቀበሮ አንሳ መገኘቷ አሳፈራት። ዱላውን ጥላ ቤቷ ሮጠችና እዝን ይዛ ተመለሰች፤ መሬት ላይ ተቀምጣም ከልቧ አለቀሰች። በማግስቱ ሌሎቹን ጎረቤቶች አስከትላ መጣች።

በዚያ አገር ከዚያ ወዲህ ለውሻም ቢሆን ለቅሶ ይደረሳል። ለምን ብትሏቸው ሽማግሌዎቹ እንዲህ ይሏችኋል፦ ጎረቤት ያልደረሰውን ለቅሶ ቀበሮ ይደርሰዋል።